በጓሮ በር የገባው ጽድ

አንድ ሎጅ ተፈጥሮን የሚንከባከብ መሆን አለመሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ጓሮውን ይመልከት። በፊት ለፊቱ በር የሚገባው እንግዳ ነው። እንግዳ የሚያየው ሣር ክዳኑን፣ የድንጋይ ደረጃውን፣ በየማሰሮው የተተከለውን አበባ ነው። በጓሮ በር የሚገባው ግን እንጨቱ፣ ከሰሉ፣ የውሃ ቦቴው፣ ሽንኩርቱና የቀን ሠራተኛው ነው፤ የሚወጣውም ቆሻሻው ነው። የቤቱ እውነተኛ ጠባይ የሚታወቀው እዚያ ነው። ይህን ለማየት ሩቅ አገር አልሄድኩም፤ ከቤቴ ጀርባ ካለው ተራራ ማዶ ነው ያየሁት።

ያለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከነልጇ ከአሜሪካ መጣች። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አማርኛ በደንብ ትሰማለች፣ ስትናገር ትንሽ ይሰባበርባታል። እናቷ ለዓመታት ስታስብ የኖረችው ልጇን ስሜን ተራሮች ወስዳ ጭላዳ፣ ከዚያ ባሌ ወርዳ ቀይ ቀበሮ ልታሳያት ነበር። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ እንደሆነ፣ አብዛኛውም ባሌ ተራሮች ላይ እንደሚኖር ነግራታለች። ልጅቷም ፎቶውን በስልኳ ይዛ ነው የመጣችው።

«ወንድምዬ» አለችኝ የአክስቴ ልጅ፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ፣ «የምከፍለው ብር እዚያው ላለው ገበሬ የሚደርስበት ቦታ ፈልግልኝ። ዱሩንም የማይጎዳ ይሁን። ለሆቴል ለሆቴልማ እኛም ጋ ሞልቷል።»

ስሜን ለመሄድ ጊዜው አልተመቸም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት ጎብኚን ከደባርቅ አርቋል፤ እኛም ልጅ ይዘን ያንን ሁሉ መንገድ መጓዝ አልደፈርንም። ባሌም ዝናቡ እስኪያባራ ይቆይ ተባለ። እስከዚያው ቅርብ ቦታ ወጥተን እንድናድር ተስማማን። የምኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ኮተቤ ነው። የጓሮ በሬን ስከፍት የሚታየኝ የእንጦጦ ሰንሰለት ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። ከተራራው ጀርባ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ «ኢኮ ሎጅ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ቤት እንዳለ ሰው ነገረን። ስሙንም ትክክለኛ ቦታውንም አልጠራም። እንደዚያ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ ነገሬም ከአንድ ቤት ጋር ብቻ አይደለም።

ከመሄዳችን በፊት ስልክ ደወልኩ። በእኛ አገር ሎጅ ደውሎ ከዋጋና ከቁርስ ሌላ የሚጠይቅ ሰው ብዙ የለም፤ ስለዚህ ያነሣችው ልጅ ግራ ብትጋባ አልፈረድኩባትም።

«እኅቴ፣ ማገዶ ከየት ነው የምታመጡት?»

«የማገዶ ችግር የለም ጌታዬ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ እሳት ማንደጃ አለው።»

«ውሃስ?»

«ሙቅ ውሃ ሃያ አራት ሰዓት አለ።»

«ሠራተኞቹ የሰፈሩ ልጆች ናቸው?»

ዝም አለች። «ማናጀሩን ላገናኝዎት?» አለችኝ ቆይታ። ማናጀሩ ስብሰባ ላይ ነበር፤ መልሶ ይደውላል ተባልኩ፤ አልደወለም። በመጨረሻ «ለመሆኑ ኢኮ ሎጅ ነው?» ስላት ግን ድምፅዋ ደስ አለው። «አዎ፣ ሙሉ በሙሉ ኢኮ ነው። ጣሪያው ሣር ነው።»

ሣር ክዳን ያማረ ነገር ነው፤ አያቶቻችን የኖሩበት ነው። ሣሩ ከየት ታጨደ፣ ማን ፈቀደ፣ ያጨደውስ ሰው ምን ተከፈለው የሚለው ጥያቄ ግን ከጣሪያው በላይ ይመዝናል። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ቅዳሜ ዕለት በኮንትራት መኪና ወጣን። ሽቅብ ስንጀምር ካፊያ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ዶፍ ሆነ። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹን ስንይዝ ጎማው እየተሽከረከረ እዚያው ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ቅርንጫፍ አነጠፈ፣ ድንጋይ ደገፈ፣ እኛም ገፋን። መኪናው ወደ ጎን ተንሸራቶ አንድ እግሩን ቦይ ውስጥ ከተተ። የመንደሩ ወጣቶች ተሰብስበው በብዙ ጩኸት አወጡልን። ሾፌሩ ላቡን ጠርጎ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ መኪናዬን አልገድልም» አለኝ። እውነቱን ነው። ነገ ከሰዓት እዚሁ እንዲጠብቀን ተነጋግረን ሻንጣችንን ይዘን በእግር ቀጠልን።

የተራራው ጫፍ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ለጥቂት ደቂቃ ጋብ አለ። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ወሰንም ነው። በደቡብ ፊቱ ላይ የጣለው ዝናብ በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በሰሜን ፊቱ የጣለው ሱሉልታን አቋርጦ ወደ ሙገር፣ ከዚያ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ይህን ስነግራት ልጅቷ አንድ እግሯን ወዲህ፣ አንድ እግሯን ወዲያ አድርጋ ቆመችና «አሁን አንዱ እግሬ ግብፅ ይሄዳል?» አለች። እናቷ በዚያ ሁሉ ብርድ መሐል ከልቧ ሳቀች። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ሆኖ ጉድጓድ የሚቆፍርና ቆሻሻ የሚደፋ ቤት ሥራው ለማዶም ለወዲህም ነው የሚተርፈው።

ሎጁ ስንደርስ ከራስ እስከ እግራችን ርሰናል። ሠራተኞቹን ማመስገን አለብኝ፤ ሮጠው ፎጣ አመጡ፣ ትኩስ ሻይ በዝንጅብል አቀረቡ፣ የልጅቷን ጫማ እሳት ዳር አደረቁ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አንድ የታተመ ካርድ ተለጥፏል፦ ምድራችንን ለማዳን ፎጣዎን ደግመው ይጠቀሙ ይላል።

የዚህ ካርድ ታሪክ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጄይ ዌስተርቬልድ የሚባል አሜሪካዊ የተፈጥሮ ተቆርቋሪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ፊጂ ደሴቶች ውስጥ አንድ የመዝናኛ ሆቴል ገብቶ ይህን የመሰለ ካርድ ያያል። ሆቴሉ ባሕሩንና ኮራሉን ለማዳን ፎጣ ደግማችሁ ተጠቀሙ እያለ፣ በዚያው ሰሞን አዳዲስ ቤቶች እየጨመረ በባሕሩ ዳር ይስፋፋ ነበር። ሰውየው በ1986 እ.ኤ.አ. ነገሩን ጽፎ አጋለጠ፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ የሚነግድን ድርጅት የሚተችበት ነቀፋ ከዚያ ጽሑፍ የተነሣ ነው። ፎጣ መቆጠብ ክፋት የለውም፤ ውሃም ሳሙናም ይተርፋል። የሚያሳዝነው ካርዱ የቤቱ የመጨረሻ ሥራ ሲሆን ነው።

ማታ ላይ እሳቱን ለኮሱልን። እንጦጦ ሥር ያደገ ሰው ባሕር ዛፍና ጽድን በሽታ ይለያል። ባሕር ዛፍ ሲነድ ይንጣጣል፣ ጭሱ አፍንጫ ይከፍታል፤ ጽድ ግን ጣፈጥ ያለ፣ የቆየ ቤተ ክርስቲያን በር ሲከፈት የሚመጣ ዓይነት ሽታ አለው። ክፍሉን የሞላው ያ ሽታ ነበር። ከማንደጃው አጠገብ ከተደረደረው ክምር አንድ ጉማጅ አንሥቼ በስልኬ መብራት አየሁት። ልጡ በቀጭን በቀጭኑ እየተላጠ ይወርዳል፣ ልቡ ቀይ ነው፤ የዕድሜው ክቦች ከመጠጋጋታቸው የተነሣ አንዱን ከአንዱ በጥፍሬ መለየት አልቻልኩም። ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ዛፍ ነበር። አጠገቡ ያሉትም እንደዚያው ነበሩ።

ለምን እንዲህ እንደቆረቆረኝ ለማስረዳት የተራራውን ነገር ማንሣት ግድ ይለኛል። እንጦጦ አንድ ጊዜ ተራቁቶ ያውቃል። ምኒልክ ከተማቸውን በላዩ ባቆሙበት ዘመን፣ በ1870ዎቹ፣ ቤተ መንግሥቱም ሠራዊቱም ማገዶውን፣ ምሰሶውንና ማገሩን ከዚሁ ተራራ ነበር የሚቆርጠው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወድደው አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ጫኑ። ከተማዋ ወደ ታች ብትወርድም እንጨቷን ከላይ መቁረጡን አልተወችም። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ቤተ መንግሥት እስከ መሥራት ተደርሶ ነበር። አዲስ አበባን ያዳናት በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመት ያድጋል፣ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ለማገዶ እንደ እሱ ያለ የለም። ለዚህ ውለታው ክብር ይገባዋል። ግን ከሥሩ ሣር እንደልብ አይበቅልም፣ ቁልቁለቱ ላይ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል፣ የአገሩም ዛፍ ቦታ ያጣል። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ፣ 1,300 ሄክታር ገደማ በሆነ ቦታ ላይ፣ ባሕር ዛፉን እያስለቀቀ ጽዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን ለመመለስ ሲደክም የኖረው ለዚህ ነው። ትልልቁን ጽድ ማየት የሚፈልግ ሰው ዛሬ በአብዛኛው የሚያገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ እዚያ መጥረቢያ አይገባም።

እንግዲህ ሰው ለአንድ ጽድ መቶ ዓመት ሊጠብቅ በተነሣበት ተራራ ላይ፣ ሌላው ያንኑ ጽድ በአንድ ምሽት አንድዶ «ኢኮ» ይላል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ልጅቷም አልተኛችም፤ ሰውነቷ ገና በአሜሪካ ሰዓት ነው። ጎሕ ሲቀድ ወፍ አያለሁ ብላ ወጥታ ወዲያው ተመለሰች። «አጎቴ፣ ከኋላ ሴቶች ዛፍ ተሸክመው መጥተዋል።»

ተከትያት ወጣሁ። የማድ ቤቱ በር ላይ ሦስት ሴቶች ወገባቸው ታጥፎ፣ ሸክማቸውን ገና ሳያወርዱ ቆመዋል። ገመዱ በደረታቸው ላይ ተጠላልፏል፤ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ አለ፣ የአንዷ ተቀዶ በሽቦ ተሰፍቷል። በዕድሜ የገፉትን ደግፌ ሸክማቸውን ሳወርድላቸው ክብደቱ ክንዴን ወደ ታች ጎተተው፤ ከ30 ኪሎ አያንስም። ውጪውን ያየ ሰው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው የሚመስለው፣ ቅጠልና ጭራሮ ነው። ወጥ ሠሪው ገመዱን ሲፈታው ከመሐል አጠር አጠር ተደርገው የተቆረጡ ሁለት ወፋፍራም ጽዶች ወጡ።

«እንደምን አደሩ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደርክ ልጄ?»

«ይሄ ጽድ አይደለም?»

«ነው እንጂ። ጽድ ጨምሩበት የሚሉን እነሱ ናቸው፤ ሽታው ለእንግዳ ይስማማዋል ይላሉ።»

ሾላ ገበያ አውርደው ቢሸጡ ዋጋው እንደሚሻል ነገሩኝ። «መንገዱ ግን ጉልበቴን ጨረሰው። ደግሞ ጥበቃ ሲያገኘኝ ሸክሙን አስጥሎ ገመዴን ይወስድብኛል። እዚህ ባነሰም ቅርብ ነው።» ሌላ ሥራ ቢያገኙ ይህን እንደማይነኩት ነገሩኝ፤ ሎጁ ሲሠራ ድንጋይ አመላልሰዋል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን የጠራቸው የለም።

በዚህ መሐል ልጅቷ ስልኳን አወጣች። እማማ አዩዋት። «ልጄ፣ ሳትጠይቂኝ አታንሺኝ። እንዲህ ላብ በላብ ሆኜ ማን እንዲያየኝ?» አሏት፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፤ ስልኩን ኪሷ ከትታ «ይቅርታ እማማ» አለችና ገመዱን ለመጠቅለል ጎንበስ አለች። እናቷ ከኋላችን ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ማናጀሩን ቁርስ ላይ አገኘነው። ትሁት ወጣት ነው። ስለ ጽዱ ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ችግኝ ሲተክሉ የተነሡትን ፎቶ አሳየኝ። መትከሉ መልካም ነው አልኩት፤ የማታውን እንጨት ግን የሚተካው የትኛው ነው? «እኛ አንድ ዛፍ አንቆርጥም ጌታዬ፤ እንገዛለን እንጂ» አለኝ። ይህን ሲል የዋሸ አይመስለኝም፤ ነገሩ እንዲያ ነው የሚታየው። ገዢ ከሌለ ግን ጽድ የሚቆርጥ የለም። ጥበቃው የሚይዛት ተሸካሚዋን ነው፤ ጥፋቱ የሚጀምረው «ጽድ ጨምሩበት» ካለው ሰው ነው። ስለ ሠራተኞቹም ጠየቅሁት። ወጥ ሠሪውም አስተናጋጁም ከከተማ የመጡ ናቸው፣ ጥበቃው ከኤጀንሲ ነው፤ የመንደሩ ልጆች «ልምድ የላቸውም» አለኝ። ልምድ የሚገኘው ሲሠሩ ነው። ከአጥሩ ውጪ ሕፃናት ቢጫ ጀሪካን ደርድረው የቦኖው ውሃ እስኪመጣ ተቀምጠው ነበር፤ ከአጥሩ ውስጥ ሙቁ ውሃ ሃያ አራት ሰዓት ይፈሳል።

የአክስቴ ልጅ ያሰብነውን ምሳ ሰረዘች። ሒሳቡን ከፍላ፣ ያየችውን ሁሉ አስተያየት መስጫው ደብተር ላይ ስሟን አስፍራ ጻፈች። ረጅም ነበር፤ ለልጇም አነበበችላት።

ሾፌሩ ጋ ስንደውል መንገዱ በጎርፍ መቆረጡን ነገረን፤ ወዲያው ኔትወርኩም ጠፋ። እማማ ሰምተው «ወደ የካ አይደል? እኛም ወደዚያው ነን፤ ተከተሉን» አሉን። ባዶ ገመዳቸውን በትከሻቸው ጥለው ከፊት ከፊት ሄዱ። ጉም ወርዶ ሃያ እርምጃ ከፊታችን አይታይም። በረዶ ሲጥል አንድ ቋጥኝ ሥር ተጠልለን ቆየን፤ ልጅቷ አዳልጧት ጉልበቷ ተላጠ፣ አንደኛዋ ሴት ቅጠል አሽታ አሰረችላት። እማማ በየመንገዱ ያለውን ዛፍ በስም ይጠሩታል፦ ይሄ ኮሶ ነው፣ ይሄ አስታ፣ ይሄ ወይራ፣ ይሄኛው ከተቆረጠ ዓመት ያልሞላው የጽድ ጉቶ። ድኩላ ውሃ የሚወርድበትን፣ ጅብ የሚውልበትን ገደል አሳዩን። ብዙ አስጎብኚ አይቻለሁ፤ ያን ተራራ እንደ እሳቸው የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

መንገዱ ከሚለያይበት ስንደርስ የአክስቴ ልጅ ገንዘብ አውጥታ ሰጠቻቸው። አልቀበልም አሉ። «እማማ፣ ይህ ምጽዋት አይደለም» አለቻቸው፣ «የመንገድ መሪ ዋጋ ነው። ስሜን ብሄድ ለአስጎብኚና ለስካውት የምከፍለው ነው።» እሳቸው ብሩን ይዘው ጥቂት አሰቡ። «መንገድ መምራት ሥራ መሆኑን ዛሬ ገና ሰማሁ» አሉና ከሁለቱ ጋር እኩል ተካፈሉት።

ከዚያ በኋላ ብቻችንን ጉም ውስጥ ጠፋን፤ ቁልቁል የመሰለን መንገድ ሽቅብ መለሰን፤ ሁለተኛው በረዶ ሜዳ ላይ አገኘን። በመጨረሻ ያቃናን የሠርክ ጸሎት ድምፅ ነበር። ድምፁን ተከትለን ስንወርድ ዋሻ ሚካኤል ጋ ወጣን። ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እዚሁ የካ ተራራ ላይ እንዳለ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ስንት ነው! ላሊበላ ለመሄድ ዓመት የሚቆጥብ ሰው ከኮተቤ በእግሩ ወጥቶ ሊያየው ይችላል። ቅጥሩ ውስጥ ያሉት ዛፎች ጥላ ሥር ቆመን ልብሳችንን ጨመቅን፤ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች ዳቦና ሻይ ሰጡን። ከጨለመ ኮተቤ ደረስን።

በ2013 ዓ.ም. መባቻ እንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ ብዙ ተነግሯል፤ እንጨት ይሸከሙ ከነበሩት እናቶችም ወደ ሌላ ሥራ እንዲገቡ የተደረጉ አሉ። ከዚያ አስቀድሞም በእንጦጦ መንገድ ላይ፣ እንጨት መሸከም ትተው ነጠላና ፎጣ የሚሸምኑ ሴቶች ማኅበር አቋቁመዋል። የአክስቴ ልጅ ለዘመዶቿ የምትወስደውን ስጦታ በሙሉ ከዚያ ገዛች። ግን እማማና ጓደኞቻቸው ዛሬም ጎሕ ሲቀድ ይወጣሉ። ሎጅ የሚባለው ነገር ለተራራው ይጠቅማል የምለው እነሱን ወጥ ሠሪ፣ አትክልተኛ፣ መንገድ መሪ አድርጎ ሲቀጥር ነው።

የማይቻል ነገር እያወራሁ እንዳይመስል ጓሳን ልጥቀስ። መንዝ ውስጥ፣ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አልፎ ወደ መሐል ሜዳ ሲኬድ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ደጋ አለ። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያ ናቸው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ወገኖች ቄሮ በሚባል የራሳቸው ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። የጓሳ ሣር ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይሆናል፤ ስለዚህም ውድ ነው። ደጋው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ለተወሰነ ጊዜ ይከፈታል፣ ከዚያ ይዘጋል። ያለጊዜው ያጨደ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን ጨርሶ አልተወውም፤ በኮሚቴ መልሶ አደራጅቶ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎታል። እዚያ ያለችው ትንሽ ሎጅ የማኅበረሰቡ ናት። የቅንጦት ነገር የለባትም፤ እንግዳ ስንቁን ይዞ ይሄዳል። በስልክ ሣር ክዳን ኢኮ ነው ላለችኝ ልጅ መልሴ ይህ ነው፦ መንዝ ላይ ሣሩ ራሱ ሕግ አለው።

መቄት ውስጥ፣ ላሊበላ አካባቢ፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእግር ጉዞ ማረፊያዎች ተሠርተዋል፤ መቋት ማርያም የመጀመሪያዋ ናት። ደባርቅ አጠገብ ያለው ሊማሊሞ ሎጅ ግድግዳው ከዚያው ከተደቀደቀ አፈር ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ከስሜን አስጎብኚዎች የወጣ ሰው ነው። ሀረና ጫካ ውስጥ የተሠራው የባሌ ተራሮች ሎጅ መብራቱን ከአነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ እንዲያገኝ ተደርጎ ነው የታነጸው። ናሚቢያ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የገጠር ማኅበረሰቦች በመሬታቸው ላይ ባለው አውሬና በቱሪስቱ ገቢ ላይ መብት አግኝተዋል፤ ኬንያ ማሳይ ማራ ዙሪያ ደግሞ ሎጆቹ ለመሬቱ ባለቤቶች ኪራይ ይከፍላሉ። በሁሉም ዘንድ ውሳኔው ያለው መሬቱን በሚያውቀው ሰው እጅ ነው፣ ወይም ቢያንስ ድርሻው ተቆርጦ ይሰጠዋል።

የአክስቴ ልጅ ሄዳለች፤ ሰላም ሲሆን ለጓሳ እንደምትመለስ ነግራኛለች። ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው መኪና የሚነሣው ከዚሁ ከየካ፣ ከላምበረት መናኸሪያ ነው።

እናንተ ግን ዘንድሮ ለበዓልም ለጫጉላም ሎጅ የምትይዙ ከሆነ ገንዘብ ከማስተላለፋችሁ በፊት ደውሉ። ማገዶው ምን እንደሆነና ከማን እንደሚገዛ ጠይቁ። ከሠራተኞቹ ስንቱ ከዚያው ቀበሌ እንደሆኑ፣ ቆሻሻው የት እንደሚወድቅ፣ የጎረቤቱ ቦኖ ውሃ ይኖረው እንደሆነ ጠይቁ። ስትደርሱም ጓሮውን አሳዩን በሉ፤ የሚኮራበት ቤት ደስ ብሎት ያሳያችኋል፤ የሚሸሽግ ቤት ብራችሁ አይገባውም። የሎጅ ባለቤቶችም ልለምናችሁ፦ የእሳት ማንደጃውን ተዉት። ለእንግዳው ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ስጡት። የእንጦጦ ሌሊት ቢበርድም ይበቃዋል።